የዳማ ከሴው ማሰሮና የሙአዚኑ ዓይን

ቢስሚላህ ብለን እንጀምር።

በተራራ ጥግ፣ ዙሪያዋን በድንጋይ ካብ የታጠረች አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ የዚያ ዘመን ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም አሉና "አያታችንን አማህ" ብለው ይቀየሙኛል። ብቻ አራት በር፣ ሦስት የውሃ ጉድጓድና አንድ ትንሽ መስጂድ ያላት፣ አንድ ሰው ያስነጠሰ እንደሆነ ከሦስት ቤት "የርሐሙከላህ" የሚባልባት ከተማ ነበረች በሉ።

የመስጂዱ ኢማም ሸህ ሙሄ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ኪታብ ያገላብጣሉ፤ ከኪታቡ እኩል ደግሞ ቅጠል ያገላብጣሉ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ተራራው ይወጡና አንዷን ቅጠል ይቀነጥሳሉ፣ ያሻሉ፣ ያሸታሉ፣ ጫፏን ይቀምሳሉ። መራራ ከሆነች "ሱብሐነላህ!" ይላሉ። ጣፋጭ ከሆነችም "ሱብሐነላህ!" ይላሉ። የከተማው ሰው በፍቅር "ሸሃችንና ፍየል ተራራ ላይ ሲገናኙ መንገድ የምትለቀው ፍየሏ ናት" እያለ ይቀልድ ነበር። እሳቸውም ሰምተው "መንገዱን ትለቃለች፤ ቅጠሉን ግን አትለቅም" አሉ ይባላል።

ከቅጠል ሁሉ አንዷ ትበልጥባቸዋለች፤ ዳማ ከሴ። ምች የመታው ሰው ዳማ ከሴ በመዳፉ አሽቶ ሲያሸታት ራሱ ይቀለዋል። ሸህ ሙሄ በጓሯቸው ያበቅሏታል፤ በራቸውን ላንኳኳ ሁሉ እፍኝ እፍኝ ቀንጥሰው ይሰጣሉ። ችግሩ በጋ ነው። ምች የሚበረታው ፀሐይ ስትከር ነው፤ ዳማ ከሴዋ የምትደርቀውም ያኔ ነው። በሽታው ሲመጣ መድኃኒቱ የለም፤ መድኃኒቱ ሲለመልም በሽታው የለም። የደረቀውን ቅጠል ቢያሹት ገለባ ነው፤ አይሸትም።

ይሄ ነገር ሸሁን ከነከናቸው። አንድ ቀን ከደርስ፣ ከኪታብ ትምህርቱ በኋላ የደረቀ ቅጠል በመዳፋቸው ይዘው ጀመዓውን ጠየቁ።

"እስቲ ንገሩኝ፤ ይሄ ቅጠል ሲደርቅ ሽታው የት ይሄዳል?"

ሐጂ ሱሩር የሚባሉ የጨው ነጋዴ ነበሩ፤ ከጀመዓው ሁሉ ለመመለስ የሚቀድሙ። "ይጠፋል እንጂ የት ይሄዳል?" አሉ።

"አላህ የፈጠረው ነገር እንዲሁ በዋዛ አይጠፋም ሐጂ። ሄዷል። የት እንደሄደ ነው የማናውቀው።"

ሰው ሁሉ እየሳቀ ተበተነ። ወር ሳይሞላ ሸሁ ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ፤ ይሄኛው ደግሞ ለሕፃን እንኳ የሚቀል ነበር።

"ነጃሳ፣ ርኩስ ነገር የነካው ዕቃ ሲታጠብ ይጠራል ወይስ አይጠራም?"

"ይጠራል!" አለ ጀመዓው ሁሉ።

"ሸክላም ቢሆን? ሸክላ እኮ ይመጥጣል።"

አሁንም ሐጂ ሱሩር ቀደሙ። "ሸክላም ቢሆን! ሽታውና ጣዕሙ እስኪለቅ ታጥቦ፣ ጥርት ካለ ጠራ። ድሮ የነበረበትን ማን ይጠይቀዋል?"

"ጀዛከላህ ኸይር" አሉ ሸህ ሙሄ፤ ፊታቸው ፈካ ብሎ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሸሁን የሚያህል አሊም ይሄንን ለምን እንደጠየቀ የገባው ሰው አልነበረም። በጣም ያልገባው ደግሞ ጀውሃር ነው።

ጀውሃር የመስጂዱ ሙአዚን ነው። ድምፁ እንደ ማር ነው፤ አዛን ሲል በቅሎ እንኳ ጆሮዋን ታቆማለች። አላህ ድምፅ ሲሰጠው ግን የማወቅ ጉጉትም አብሮ ሰጥቶታል። የተዘጋ በር ካየ ማን ዘጋው፣ የተከፈተ ካየ ማን ከፈተው ይላል። ሚስቱ ረህመት "ያንተ አንገት ለአዛን ሳይሆን ለአጥር ነው የተሰራው" ትለዋለች።

ያ ጉጉት ደግሞ ለሥራው አይመችም። የመስጂዱ ማማ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ አለው። ከላዩ ሆኖ ላየ ሰው የከተማው ግቢ ሁሉ እንደ ትሪ ተዘርግቶ ይታያል፤ ሴቶች ፀጉራቸውን ሲታጠቡ፣ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ "ቤቴ ባዶ ነው" ያለው ሰው ጎተራውን ሲከድን። ስለዚህ በዚያች ከተማ ሙአዚን ሲሾም በጀመዓው ፊት ቃል ይገባል፤ "ዓይኔን ከሰው ግቢ እጠብቃለሁ" ይላል። ቃሉን ያፈረሰ ከማማው ይወርዳል፤ ተመልሶም አይወጣም። የጀውሃር አባት ሠላሳ ዓመት አዛን ብለው፣ አንድም ግቢ ሳያዩ ነው ወደ አኺራ የሄዱት። ጀውሃር በአባቱ ቦታ ከቆመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። "ዓይኔ ያልፋል እንጂ አይቆምም" እያለ ራሱን ያጽናናል።

በዚያ ዓመት ጀውሃር ቤት ደስታ ነበር። ልጁ ሸምሱ ረውዳ የምትባል ልጅ ሊያገባ ኒካሑ ለሻዕባን ወር ተቀጥሯል። የረውዳ እናት ዚያዳ ከወንዝ ማዶ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ እየፈተለች የምታድር ዝምተኛ ሴት ናት። ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ ክፉ ስም አልወጣላትም።

አንድ ቀን በመጋቢት ሐሩር ጀውሃር ለዓሱር አዛን ወጣ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጀመረ። ዓይኑም እንደ ልማዱ ማለፍ ጀመረ፤ በሐጂ ሱሩር ግቢ አለፈ፣ በጉድጓዱ አለፈ፣ ሸህ ሙሄ ጓሮ ሲደርስ ቆመ።

አፉ በጭቃ የተመረገ ጥቁር ማሰሮ እሳት ላይ ተጥዷል። ከማሰሮው አንገት ረጅም መቃ ወጥቶ ቁልቁል ወርዷል፤ ጫፉም ውሃ በተሞላ ገበቴ መሐል በተቀመጠ ብልቃጥ አፍ ገብቷል። ሸሁ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው፣ ጢማቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ ብልቃጡን ያጮልቃሉ።

ይሄንን ዕቃ ከሩቅ የማያውቅ ሰው የለም። ከከተማው በር ውጭ በገበያ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ማሰሮ የሚጥዱ ቤቶች ነበሩ፤ ነጋዴው ሁሉ ፊቱን አዙሮ ነው የሚያልፋቸው። የአረቄ ማውጫ ነው።

"ሐይያ አለልፈላሕ" ላይ የጀውሃር ድምፅ ተሰበረ። በዘጠኝ ዓመት ተሰብሮ አያውቅም። ገበያ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቀና አለ።

ቤቱ ሲገባ ረህመት "ዛሬ ምን ዋጠህ?" አለችው።

"ሸሃችን ጓሮ አንድ ነገር አየሁ።"

"አየሁ? ዓይንህ ያልፋል እንጂ አይቆምም አላልከኝም?"

"አልፏል። ትንሽ ቆሞ ነው ያለፈው።"

"እንግዲያው አንተም እለፈው" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ምነው በሰማት። ወሬ ግን ጀውሃር ሆድ ውስጥ እንደ ድፍድፍ ነው፤ ይፈላል፣ ክዳኑን ይገፋል። ሦስት ቀን ቻለ። በአራተኛው ቀን ሐጂ ሱሩር ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ "ሰው ነገረኝ..." ብሎ ጀመረ። ሰው አልነገረውም፤ ራሱ ነው ያየው። ግን አየሁ ቢል ከማማው ይወርዳል። እንዲህ ነው ወዳጆቼ፣ አንዷ ጥፋት ብቻዋን መሄድ ትፈራለች፤ ውሸትን አስከትላ ነው የምትሄደው።

ወሬው ለመግሪብ ሶላት አራቱንም በር ዞሮ መስጂድ ገባ።

በማግስቱ ሐጂ ሱሩር ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ጀውሃርንም ጨምረው የሸሁን በር አንኳኩ። ሸህ ሙሄ እጅጌያቸውን እንደጠቀለሉ ከፈቱ። አላፈሩም፣ አልደነገጡም፤ ጭራሽ በደስታ የሐጂን እጅ ይዘው ወደ ጓሮ ጎተቷቸው።

"እንኳን መጣችሁ! ኑ፣ ኑ! ሽታው የሄደበትን አገኘሁት!"

"የምን ሽታ?" አሉ ሐጂ።

"የዳማ ከሴው ነዋ! የደረቀችው ቅጠል ስትፈላ ሽታው በእንፋሎት ይወጣል። እንፋሎቱን በመቃ ይዘህ ካቀዘቀዝከው ተመልሶ ይወርዳል። እዩት እስቲ።"

ብልቃጡን ብርሃን ላይ ያዙት። ከታች ውሃ ነው፤ ከላይ እንደ ጥፍር የሳሳች ወርቅማ ቅባት ተንሳፋለች። ሸሁ በላባ ጫፍ ነክተው ሐጂ አፍንጫ ስር አደረጉላቸው። ሐጂ ሦስት ጊዜ አስነጠሱ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሁላችን "የርሐሙከላህ" እንበላቸው። የክረምት ዳማ ከሴ ነው፤ ያውም አንድ ማሳ ሙሉ ባንድ ላባ ላይ።

ነገሩ እዚያ ላይ በሳቅ ማለቅ ነበረበት። ግን የሐጂ ዓይን ከላባው ወርዶ ማሰሮው ላይ አረፈ። አንገቱን አዩ፤ ወገቡን አዩ፤ የመቃውን መግቢያ በጣታቸው ዳሰሱ።

"ይሄ አዲስ ማሰሮ አይደለም" አሉ። "ይሄ አረቄ የወጣበት ማሰሮ ነው።"

ባንድ እይታ አወቁት። እንዴት አወቁት ብሎ ያኔ የጠየቀ ሰው የለም።

"ታጥቧል" አሉ ሸህ ሙሄ። "ሽታውና ጣዕሙ እስኪለቅ ታጥቧል። ፈትዋውን የሰጡን እርስዎ ነዎት።"

"የማሰሮው መታጠብ አይደለም ሸሃችን፤ የባለቤቱ ነገር ነው። ይሄ ዕቃ ብቻውን ተራምዶ አልመጣም። አሠራሩንም ከኪታብ አላገኙትም። የማን ነው? ማን አሳየዎት?"

ሸሁ ያን ጊዜ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። "የአንድ የአላህ ባሪያ ነው" አሉ።

"ስም የለውም?"

"ስም አለው። እኔ ነኝ የምናገርበት ምላስ የሌለኝ።"

"እንግዲህ ይወቁት" አሉ ሐጂ። "ኢማማችን ከአረቄ ሰው ጋር ምን እንዳገናኛቸው ካልነገሩን፣ ሰው ከኋላዎ ሲሰግድ ልቡ አይረጋም። ስሙን ይንገሩንና ነገሩ ይለቅ።"

ጀውሃር ከሁሉም በላይ ጆሮውን አቆመ። አንዲት ስም ብቻ ናት። ሸሁ ቢናገሯት ኢማም እንደሆኑ ይቆያሉ፤ እሱም እፎይ ይላል።

ሸህ ሙሄ ግን ላባዋን ጠርገው ብልቃጡ አጠገብ አስቀመጡ። "ልባችሁ እስኪረጋ እኔ ከኋላ እሰግዳለሁ። የኋላው ሰፍ ለጫማዬም ቅርብ ነው" አሉና ሸኟቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂ ሱሩር ያሰግዱ ጀመር። ሐጂ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ሁለት አጫጭር ሱራ ብቻ ነው የሚያውቁት። ሱብሒም እነዚያው፣ መግሪብም እነዚያው፣ ዒሻም እነዚያው። ሸህ ሙሄ ጫማው አጠገብ ቆመው፣ ማንንም ሳይቀየሙ፣ ቀስ ብለው "አሚን" ይላሉ። ያቺ "አሚን" ጀውሃርን ከኋላው እንደ እሾህ ትወጋዋለች። ኢማሙን ከሚሕራቡ፣ ከማሰገጃ ቦታቸው፣ ያወረደው የሱ ዓይን መሆኑን የሚያውቁት እሱና አላህ ናቸው፤ ረህመትም አለች።

ታዲያ ጸጸቱ ጉጉቱን አላጠፋለትም። "የማን ማሰሮ ነው?" የሚለው ጥያቄ በሱጁድ እንኳ አልለቀው አለ። የሰው ሁሉ እጅ ላይ የጭቃ ምልክት ይፈልግ ጀመር። ሸማኔው? ያ ከገበያ መንገድ ዘግይቶ የሚገባው ቆዳ ነጋዴ? አንድ ቀን የሐጂን ጣቶች ሲመረምር ሐጂ "ምን ጠፋብህ? ቀለበት የለኝም" አሉት።

በዚህ መሐል ሚያዝያ ገባና ፀሐይዋ ጀውሃርን ማማው ላይ አገኘችው። ምች መታው። ራሱ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ድምፁ ጭራሽ ተዘጋ። ከተማዋ ሁለት ቀን አዛን የሰማችው ከሸማኔው ነበር፤ አላህ ይቀበለው እንጂ ለጆሮ አይመከርም።

በሦስተኛው ቀን ሸህ ሙሄ ትንሽ ብልቃጥ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ሚሕራባቸውን ያሳጣቸው ሰው አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። ረህመት የፈላ ውሃ አመጣች፤ እሳቸው አንዲት ጠብታ ጣሉበት፤ የጀውሃርን ራስ ከነሳሕኑ በጋቢ ሸፈኑት።

"ተንፍስ።"

ጀውሃር ተነፈሰ። ክረምት በአፍንጫው ገባ። ዝናብ የመታው ጓሮ፣ እርጥብ አፈር፣ አባቱ በልጅነቱ መዳፉ ላይ ያሹለት ቅጠል። ዓይኑ በእንባ ሞላ፤ የእንፋሎቱ ይሁን የሌላ አልለየውም። ጋቢው ውስጥ ሆኖ ግን ሳይጠይቅ አላለፈም።

"ሸሃችን..." አለ እንደ በር እያንቋረረ፤ "የማን... ነው?"

"ዝም ብለህ ተንፍስ" አሉ ሸሁ። "ካንተ ውስጥ በጣም የደከመው መጠየቂያህ ነው። እሱን አሳርፈው።"

ረህመት ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች።

በሳምንቱ ድምፁ ተመለሰ። ጀውሃርም ለዓሱር አሥራ ዘጠኙን ደረጃ ሲወጣ በየደረጃው ማለ፤ "ወላሂ አላይም፣ ወላሂ አላይም።" አሥራ ዘጠኝ መሐላ። ላይ ደረሰ፣ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ፤ አየ።

አንዲት ሴት በሸሁ የጓሮ በር ገብታ ማሰሮው አጠገብ ተንበርክካለች። ጭቃውን በውሃ ታርሳለች፣ አውራ ጣቷን በማሰሮው አፍ ዙሪያ አንዴ ታዞራለች፤ አለቀ፣ ተመረገ። እንፋሎት በየትም አይወጣም። እንደዚያ የሚመርግ እጅ ሺህ ማሰሮ የመረገ እጅ ነው። ሴትየዋ ቀና ስትል ሻሿ ሸርተት አለ።

ዚያዳ ናት። የሸምሱ አማት የምትሆነው ዚያዳ።

እሱ ያኔ የማያውቀውን እኔ ልንገራችሁ። ዚያዳ ከወንዝ ማዶ ሳለች ባሏ ሲሞት፣ ልጇን ይዛ የምትገባበት ስታጣ፣ ለአምስት ዓመት አረቄ አውጥታለች። ከዚያ አንድ ቀን ተጸጽታ ተውባ አደረገች፤ ሰው ወደማያውቃት አገር ሄደች። ማሰሮውን ግን ተሸክማው መጣች፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም፣ ቤት ውስጥ ገልብጣ ዘንቢል ታስቀምጥበት ነበር። ልጇ ስትታጭ ነገሩ ከበዳትና ለሸሁ ወስዳ "ልስበረው?" አለቻቸው። ሸሁ ታሪኩን ሰሙ፤ ማሰሮውን አዩ፤ መቃውን አዩ። "ልጄ" አሏት፣ "እስቲ አትስበሪው። አንድ የቅጠል ጥያቄ አለብኝ።"

ጀውሃር አዛኑን እንዴት እንደጨረሰ አያውቅም። ከሶላት በኋላ ሸሁን ጫማው አጠገብ ጠበቃቸው።

"አየሁ" አለ።

"ምኑን?"

"የማን እንደሆነ። ከላይ ሆኜ አየሁ። የመጀመሪያውንም ቀን ያየሁት እኔ ነኝ። ሰው አልነገረኝም።"

ሸህ ሙሄ ጎንበስ አሉ። ጫማቸውን አንዱን አገኙ፣ ሌላውን ፈለጉ።

"ጀውሃር፣ ሰው ሁሉ ታች ሆኖ ወደ ላይ ያያል። አንተን አላህ ወደ ላይ አወጣህ፤ አንተ ወደ ታች ታያለህ።"

"ምን ላድርግ? ብናገር እርስዎ ወደ ቦታዎ ይመለሳሉ፤ እሷ ግን... የልጆቹም ኒካሕ... ዝም ብል ደግሞ እርስዎ እዚህ ጫማ ሲጠብቁ ሊኖሩ ነው።"

"ጫማ መጠበቅ ይመቸኛል። ያየኸው ግን ያንተ አይደለም፤ ስትሰርቅ ነው ያገኘኸው። የተሰረቀ ነገር ይመለሳል እንጂ አይከፋፈልም።" ሁለተኛውን ጫማ አገኙና ሄዱ።

ጀውሃር ቤቱ ገብቶ ራቱን ሳይነካ ተቀመጠ።

"ረህመት፣ ከማማው ብወርድ ትጠዪኛለሽ?"

"ከማማው ብትወርድ አልጠላህም። ቀኑን ሙሉ ቤት ብትውልብኝ ነው" አለችና አየችው። "ደግሞ ምን አየህ?"

ጀውሃር አፉን ከፈተ። የቋመጠላት ወሬ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። የልጁ ኒካሕ፣ የሚስቱ ልብ፣ የአንዲት ሴት ስም፤ ሁሉም እዚያች ምላስ ላይ ነበር።

"ምንም" አለ።

ረህመት ለወትሮው እንዲህ በቀላሉ አትለቀውም። ያን ቀን ግን ራቱን ወደሱ ገፋ አደረገችለትና "ዛሬ ገና አባትህን መሰልክ" አለችው።

በማግስቱ ዓሱር እንደተሰገደ ጀውሃር ሰው ሳይበተን ተነሥቶ ቆመ።

"ጀመዓ፣ ስሙኝ። 'ሰው ነገረኝ' ብዬ ነበር። ማንም አልነገረኝም። አዛን እያልኩ የሸሃችንን ግቢ ያየሁት እኔ ነኝ። ቃሌን አፍርሻለሁ፣ ዋሽቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሙአዚናችሁ አይደለሁም።"

የአባቱን ሠላሳ ዓመት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ።

"አንድ ነገር ጨምሬ ልቀመጥ" አለ ጀውሃር። "ሸሃችን ያጠፉት ጥፋት የሰው ስም አለመናገራቸው ነው። ምስጢር ስለጠበቁ እኛ ከኋላ አቆምናቸው። ምስጢር ያወጣሁት እኔ ግን ማማ ላይ ቆየሁ። ደግሞ ሐጂ..."

"አቤት" አሉ ሐጂ ሱሩር።

"ያ ማሰሮ አረቄ የወጣበት መሆኑን አንገቱን ዳሰው ባንድ እይታ አወቁት። ከየት አወቁት ብዬ አልጠይቅዎትም። እኔ ከእንግዲህ መጠየቅ ትቻለሁ።"

በመጀመሪያ አንድ ሰው ሳቁን ለማፈን ሳለ። ከዚያ ሌላው ሳለ። ከዚያ የጀመዓው ሁሉ ሳል፣ ሳል ነው ተብሎ ሊሸፈን የማይችል ሳቅ ሆነ። ሐጂ ሱሩር ፊታቸው ደም መሰለ፤ ጢማቸውን ወደ ላይ ወደ ታች አደረጉ። በመጨረሻ እሳቸውም ፈነዱ።

"አስተግፊሩላህ! በወጣትነቴ ነው፣ በወጣትነቴ!" አሉና ተነሥተው እስከ ኋላው ሰፍ ሄዱ። የሸህ ሙሄን እጅ ይዘው ወደ ሚሕራቡ መሩ። "ዐፉ ይበሉኝ። እኔም ከነዚያ ሁለት ሱራዎች ልረፍ፤ ሱራዎቹም ከኔ ይረፉ።"

ሸሁ ቦታቸው ሲደርሱ ዞረው "የመግሪብን አዛን ማን ይላል?" ብለው ጠየቁ።

ሰው ሁሉ ሸማኔውን አየ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱን አዞረ።

"ጀውሃር ይበል" አሉ ሸሁ።

"ቃሉን ያፈረሰ ይወርዳል፤ ያባቶቻችን ደንብ ነው" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"ደንቡ የወጣው የሰው ግቢ እንዳይታይ ነው። ዓይኑን ሸፍኖ የሚወጣ ምን ያያል?" አሉና የራሳቸውን ጥምጣም ጫፍ ቀደው ሰጡት። ጀውሃር በጨርቋ ዓይኑን አስሮ አሥራ ዘጠኙን ደረጃ በእጁ እየዳሰሰ ወጣ። የዚያን ዕለቱ አዛን፣ የሰሙት እንደሚሉት፣ ከዘጠኝ ዓመቱ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ኒካሑ ሦስት ቀን ሲቀረው ዚያዳ ጀውሃር በር ላይ ቆመች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች።

"ጋሽ ጀውሃር፣ ልጆቹ ሳይጋቡ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ሰምተህ ልጅህን ብትከለክል አልቀየምም። ሸሃችን በኔ ምክንያት ተዋርደው እኔ ዝም አልኩ፤ ከእንግዲህ ዝም ማለት አልችልም። ያ ማሰሮ..."

ጀውሃር ደረቱ ላይ የያዛትን የዓይኑን ማሰሪያ ጨርቅ በእጁ ነካት። የዕድሜ ልክ ጉጉቱ እፊቱ ቆማ፣ በገዛ አፏ ልትነግረው ነው። ያልሰማውን ሁሉ ሊሰማ ነው።

"የቱ ማሰሮ?" አላት።

"ያ ሸሁ ጓሮ..."

"እህቴ ዚያዳ፣ እኔ ዓይኔን አስሬ ነው የምወጣው። ማሰሮ የሚባል አላውቅም። ለሠርጉ ስንት ሰው ትጠሪያለሽ? እሱን ንገሪኝ።"

ዚያዳ በሩ ላይ እንደቆመች አለቀሰች። ከውስጥ የረህመት ድምፅ "ኧረ ሴትዮዋን አስገባት! የሙአዚን ቤት በር ላይ ሰው ይቆማል?" አለ።

በኒካሑ ቀን፣ ውሉ ታስሮ ዱዓው ካለቀ በኋላ፣ ጀውሃር ጠጋ ብሎ ሸህ ሙሄን በጆሯቸው ጠየቃቸው። "ሸሃችን፣ ያን ቀን ስሙን ቢናገሩ ኖሮ ባንዴ ያልቅልዎ ነበር። እንዴት ቻሉት?"

ሸሁ እንዲህ አሉ፤ "ሸክላ በውሃ ጠራ ሲባል አምነን፣ ሰው በተውባ ጠራ ሲባል ከተጠራጠርን፣ ከአላህ ባሪያ ይልቅ ማሰሮውን አከበርነው ማለት ነው።"

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ይሄንን ቃል ሳስብ ሁሌም የሸሁ የመጀመሪያ ጥያቄ ይመጣብኛል። ቅጠል ሲደርቅ ሽታው የት ይሄዳል? ሐጂ ይጠፋል አሉ፤ ሸሁ ሄዷል እንጂ አልጠፋም አሉ። በሰውም እንደዚያ ይመስለኛል። ኑሮ ያደረቀውን ሰው አይተን "ይሄማ ገለባ ነው" እንላለን። ሸሁ ግን መዓዛው የት እንደሄደ ፈለጉ፤ ያገኙትም እኛ ልንሰብረው በተነሣንበት ማሰሮ ነው። ሶብርስ፣ ትዕግሥቱስ ቢሆን? ሽማግሌው ጫማ አጠገብ የቆሙት መልስ አጥተው አይደለም። መልሱ አፋቸው ውስጥ ነበር፤ ግን የሌላ ሰው ሽፋን ነበር። በሰው ሽፋን ራሳቸውን ማልበስ አልፈለጉም።

በዚያች ከተማ ዛሬም ዳማ ከሴ በጋ ከክረምት ትሸታለች ይላሉ። ሙአዚን የሆነ ሁሉ እስካሁን ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ነው የሚወጣው። እኛ ማማ የለንም፤ ግን ዓይን አለን፤ ዓይናችን ደግሞ ማማ አያጣም።

አሁን ከመካከላችሁ አንዱ ሲበተን ቀረብ ብሎ "እውነተኛ ስሟ ማን ነበር?" ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። የማን ስም? የቱ ማሰሮ?